የእህቴ እቁብና ሁለቱ ፕሮሰሰሮች

ዛሬ ስለ ፖለቲካ አልጽፍም። ሰሞኑን «ምነው ድምፅህ ጠፋ?» እያላችሁ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። አልጠፋሁም፤ ኮምፒውተር ስገጣጥም ነበር። ገጣጥሜም እምቢ አለኝ። የአንድ ቤት ጉዳይ ይመስላል፤ ግን ውስጡ ዶላር አለ፣ እቁብ አለ፣ ሁለት ግዙፍ የአሜሪካ ኩባንያዎችም አሉ። ስለዚህ ከዚህ ገጽ ልማድ ብዙም አልራቅኩም።

እህቴ የሂሳብ ባለሙያ ናት። ተቀጥራ አይደለም የምትሠራው፤ የስድስት ሰባት ትንንሽ ድርጅቶችን መዝገብ ቤቷ ቁጭ ብላ ትይዛለች። መሣሪያዋ ፒችትሪና ኤክሴል ነው። የወር መጨረሻ ሲቃረብ የግብር ማሳወቂያ የሚጠብቁ ነጋዴዎች ስልኳን ያጨናንቁታል። እስካሁን የሠራችበት ኮምፒውተር ውጭ አገር አገልግሎ የመጣ፣ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ያለበት ዴል ነበር። ማታ ማታ ደግሞ ታናሽ ወንድማችን በዚያው ወንበር ይቀመጥና የሠርግ ቪዲዮ ያቀናብራል። ቀን ሂሳብ፣ ማታ ሠርግ። ማሽኑ ሁለት ጌታ ነበረው።

ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ አቆመ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም። ይህ ማለት አሮጌው ዴል በማግስቱ ይሞታል ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ለተጨማሪ አንድ ዓመት ማሻሻያ የሚገኝበት መንገድ አለ። ግን የሰው ገቢና ወጪ፣ የሰው የግብር መለያ ቁጥር የተቀመጠበት ማሽን በር ሳይዘጋ እንዲያድር መፍቀድ እህቴን አላስተኛትም። እኔንም።

በታኅሣሥ እቁቡ ወጣላት። «ጋሼ፣ አንተ ታውቅበታለህ፤ አንተው ግዛልኝ» አለችኝ። የእኔ ዕውቀት ምን መሰላችሁ? የቤቱን ዋይፋይ አጥፍቼ አበራለሁ፤ አታሚ ወረቀት ሲነክስ አላቅቃለሁ። በቤተሰብ ውስጥ ይህ «ዐዋቂ» ለመባል ይበቃል። ማዕረጌን ላለማስደፈር ሁለት ሳምንት ሙሉ የፈረንጅ ቪዲዮ ስመለከት ከረምኩ።

በእህቴ ገንዘብ ልክ አዲስ ዴስክቶፕ ለሚገጣጥም ሰው ሁሌ የሚነሡት ሁለት ስሞች ናቸው። አንዱ የኢንቴል ኮር አይ 3-12100 ነው፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 የወጣ፣ አራት ኮርና ስምንት ትሬድ ያለው፣ ፍጥነቱ እስከ 4.3 ጊጋኸርዝ የሚደርስ። ሌላው የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600ጂ ነው፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 የወጣ፣ ስድስት ኮርና አሥራ ሁለት ትሬድ ያለው፣ እስከ 4.4 ጊጋኸርዝ የሚሄድ። የኤኤምዲው ሲወጣ ዋጋው 259 ዶላር ነበር፤ ከዚያ እየወረደ ወርዶ ከኢንቴሉ ጎን ቆመ። አሁን እኛ ከተማ ስጠይቅ በሁለቱ መካከል ያገኘሁት ልዩነት ለክርክር የሚበቃ አልነበረም።

እኔ ግን ሁለቱንም አልገዛሁም። ሦስተኛ ነገር አገኘሁ፤ ቪዲዮዎቹ በሙሉ «የዋጋ ንጉሥ» የሚሉትን። 12100ኤፍ ይባላል። ያው 12100 ነው፤ ኮሩ ያው፣ ፍጥነቱ ያው። ሲወጣ ኢንቴል ለ12100 የቆረጠው ዋጋ 122 ዶላር፣ ለ12100ኤፍ 97 ዶላር ነበር። በ25 ዶላር የሚረክስ ያው ዕቃ! ድሮ፣ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ በነበረ ጊዜ፣ 25 ዶላር ማለት 1,425 ብር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀው በኋላ ብሩ በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ፤ በ120 ብር ብናሰላው እንኳ ያው 25 ዶላር 3,000 ብር ሆነ። ፈረንጁ «ትንሽ ቅናሽ» የሚለው እኛ ዘንድ የወር አስቤዛ ነው። ታዲያ ለእህቴ ሦስት ሺህ ብር ያተረፍኩላት መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ወደ መገናኛ ሄድኩ።

ከሕንፃዎቹ በአንዱ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ወጣት ሻጭ 12100ኤፍ ብዬ ስጠራለት ፈገግ አለ። «ብሮ፣ አሪፍ ምርጫ ነው። ጌመሮች የሚወስዱት እሱን ነው» አለኝ። ልብ በሉ፤ ልጁ አልዋሸኝም። ማዘርቦርድ፣ ስምንት ስምንት ጊጋ የሆኑ ሁለት ራም፣ ኤስኤስዲ፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ኬዝ ጨምሬ ከፈልኩ። «ቪጂኤ አለህ አይደል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ስክሪኔ የቪጂኤ ገመድ መቀበያ እንዳለው አስታውሼ «አዎ፣ አለኝ» አልኩት። እሱ ግራፊክስ ካርድ ማለቱ ነበር።

የዚያን ማታ የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ፋኑ ይሽከረከራል፣ የቁልፍ ሰሌዳው መብራት ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር። ገመድ ቀየርኩ። ከጎረቤት ቴሌቪዥን ጋር አገናኘሁት። ራሙን ነቅዬ ጥርሱን በላጲስ አሸሁት፤ ይህችን ዘዴ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ቴክኒሻን የለም። አሁንም ጥቁር። እህቴ ቡና አቀረበች፣ ከዚያ እራት አቀረበች፣ በመጨረሻ ጋቢ አቀረበችልኝ። «ጋሼ፣ ተበላሽቶ ነው ወይስ አታውቅበትም?» አለችኝ በትሕትና። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ በስልኬ ስፈልግ መልሱን አገኘሁት። «ኤፍ» የምትባለዋ ፊደል ትርጉም አላት። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ምስል ወደ ስክሪን የሚያወጣው የግራፊክስ ክፍል አይሠራም ማለት ነው። ሃያ አምስቱ ዶላር የተቀነሰው ለዚያ ነው። ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ያልገዛ ሰው ከጥቁር ስክሪን በቀር ምንም አያይም።

እነዚህ ፊደላት ሰውን ለማሳሳት ተብለው የተሠሩ ይመስላሉ። ኢንቴል ዘንድ ኤፍ ካለ ግራፊክስ የለም፤ ከሌለ አለ። ኤኤምዲ ደግሞ በ5000ዎቹ ትውልድ ነገሩን ገልብጦታል፤ ጂ ካለ ግራፊክስ አለ፣ ከሌለ የለም። ራይዘን 5 5500 የሚባለውን በባዶ ፊደሉ አይታችሁ «ኤፍ ስለሌለው ደህና ነው» ብትሉ የእኔ ዕጣ ይደርሳችኋል። ሣጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር ከነጅራቱ አንብቡ። ሻጩንም «ይህ ብቻውን ስክሪን ያበራል ወይ?» ብላችሁ በአማርኛ ጠይቁት።

በማግስቱ ሱቁ ስደርስ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አየሁ፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ሣጥኑ ተከፍቷል፣ ፕሮሰሰሩ ላይ ቅባቱ ተቀብቷል። ለምኜም ተቆጥቼም አልሆነም። የወሩ መጨረሻ ስድስት ቀን ቀርቶታል። እህቴ በአሮጌው ዴል መሥራቷን ቀጠለች፤ እቁቡ ጠረጴዛ ሥር ጥቁር ሣጥን ሆኖ ተቀምጧል። አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀድሜ ልጠይቀው የሚገባኝን ጥያቄ መጠየቅ የጀመርኩት ያኔ ነው። ከሁለቱ፣ ከ12100ና ከ5600ጂ፣ የትኛው ለዚህ ቤት ይሆናል?

በቁጥር ካየነው ስድስት ከአራት ይበልጣል። ወንድሜም ያለው ይህንኑ ነው። «ስድስት ኮር እያለ አራት ኮር የሚገዛ አለ እንዴ?» ግን ኮር እንደ ሠራተኛ ነው። ለደቦ የሚሆን ሥራ አለ፤ እርሻው ሰፊ ከሆነ ሰው በበዛ ቁጥር ቶሎ ያልቃል። ለደቦ የማይሆን ሥራም አለ። ምጣዱ አንድ ከሆነ ስድስት ሴቶች ቢሰበሰቡም እንጀራው የሚወጣው በአንዷ እጅ ፍጥነት ነው። ፒችትሪ፣ አብዛኛው የኤክሴል ሥራ፣ ፋይል መክፈት፣ ድረ ገጽ ማሰስ በአመዛኙ የአንድ ምጣድ ሥራ ናቸው። ቪዲዮን በሶፍትዌር መጭመቅ ደግሞ ደቦ ነው።

በአንድ ምጣድ ሥራ የኢንቴሉ ይፈጥናል፤ ኮሩ ከኤኤምዲው ኮር አዲስና ጠንካራ ስለሆነ በታወቁት መለኪያዎች ከአሥር እጅ አንድ እጅ በላይ ይቀድማል። ሁሉም ኮሮች ሲሰማሩ የኤኤምዲው ይገለብጠዋል፤ ብልጫው ከሩብ አያንስም። ከጊጋኸርዙ ቁጥር ተነሥቶ ግን ይህን መገመት አይቻልም። 4.4 ከ4.3 ስለሚበልጥ የኤኤምዲው በሁሉም ይፈጥናል የሚል ሰው፣ በደቂቃ ብዙ እርምጃ የሚራመድን ከእርምጃው ርዝመት ነጥሎ የሚመዝን ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገድ ልውጣ፤ ይህ ገጽ ያለ ታሪክ አያምርበትምና። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ኢንቴል ኮር አይ 3-7100ን በ117 ዶላር አወጣ። ሁለት ኮር ነበረው። አራት ኮርና ስምንት ትሬድ የፈለገ ሰው እንደ 339 ዶላሩ ኮር አይ 7-7700ኬ ያለ አይ 7 መግዛት ነበረበት። በመጋቢት 2017 ኤኤምዲ ራይዘንን ይዞ መጣ፤ ስምንት ኮር በ329 ዶላር። በዚያው ዓመት በጥቅምት ኢንቴል ኮር አይ 3-8100ን አቀረበ፤ አራት ኮር፣ ዋጋው ያው 117 ዶላር። በዘጠኝ ወር ውስጥ በአንድ ዋጋ ኮሩ እጥፍ ሆነ። የኢንቴል መሐንዲሶች በዘጠኝ ወር ውስጥ ድንገት ጎብዘው አይደለም፤ ተፎካካሪ መጥቶባቸው ነው።

ኤኤምዲንም ግን ጻድቅ አታድርጉት። በ2020 መጨረሻ ብልጫውን ሲይዝ፣ ከአዲሱ ትውልድ ያቀረበው ርካሽ ፕሮሰሰር 299 ዶላር ነበር። ዝቅተኛውን ገበያ ረሳው። ኢንቴል በጥር 2022 እነ 12100ን በመቶ ዶላር ዙሪያ ሲለቅ፣ ኤኤምዲ በሚያዝያ እነ 5500ን ይዞ ተመለሰ። ድሃውን ያስታወሰ አንዳቸውም የሉም፤ አንዱ አንዱን ሲያሳድደው ነው ዕቃው ወደ እኛ የሚወርደው። ዛሬ ኮር አይ 3-12100 የዚያን የ339 ዶላሩን አይ 7 ያስከነዳል። ስለዚህ «እኔ የኢንቴል ሰው ነኝ»፣ «እኔ የኤኤምዲ» እያላችሁ በኮሜንት የምትባሉት ወዳጆቼ፣ እባካችሁ።

ወደ ጉዳዬ። ወንድሜ አብሮ የሚሠራው ጓደኛ 5600ጂ ያለበት ማሽን ስላለው ቅዳሜና እሁድ ተበድረን ቤት አመጣነው። እኔ ደግሞ በዚያው ሳምንት ከራሴ ኪስ ከፍዬ ኤፍ የሌለውን 12100 ገዝቼ፣ በእህቴ ማዘርቦርድ ላይ ተክዬዋለሁ። ስክሪኑ በአንድ ጊዜ በራ። እህቴ «ተመስገን» አለች፤ እኔ ዝም አልኩ።

ሁለቱን ማሽን ጎን ለጎን አስቀምጠን የቤቱን ሥራ ሰጠናቸው። ያ «ቤንችማርክ» የሚባለውን ፕሮግራም ሳይሆን የእህቴን የዓመት ፋይልና የወንድሜን የሠርግ ቪዲዮ። በፒችትሪ ልዩነት አላየንም፤ ሁለቱም ከአሮጌው ዴል ጋር ሲነጻጸሩ ሰማይና ምድር ናቸው። ብዙ ሺህ መስመር ባለው የኤክሴል ፋይል ላይ የኢንቴሉ ቀደም ይላል፤ ግን እህቴ እስክነግራት ድረስ አላስተዋለችውም። ወደ ቪዲዮ ስንመጣ ወንድሜ ወንበሩን አስጠጋ።

በሶፍትዌር ብቻ ሲጨመቅ ስድስቱ ኮር በግልጽ አሸነፈ፤ ወንድሜ አጨበጨበ። ነገር ግን የዛሬ ፕሮሰሰሮች ቪዲዮ ለመፍታትና ለመጭመቅ ብቻ የተሠራ ክፍል በግራፊክሳቸው ውስጥ አላቸው። የኢንቴሉ ክዊክ ሲንክ ይባላል። ፕሪሚየር ላይ «ሃርድዌር ኢንኮዲንግ» የሚለውን ስንመርጥ የኮር ብዛት ዋጋው ቀነሰ፤ ሁለቱም ሥራውን ለዚያ ክፍል ሰጥተው ተቀራረቡ። የኤኤምዲውም የራሱ አለው፤ ሆኖም በኤች.264 የሚያወጣው የምስል ጥራት ከኢንቴሉ ያንሳል፤ ይህ የታወቀ ነው። ከሁሉም በላይ ለሠርግ ቀራጭ የሚጠቅመው ሌላ ነው። አዳዲሶቹ የሶኒና የካኖን ካሜራዎች በኤችኢቪሲ፣ 10 ቢት፣ 4:2:2 በሚባለው ዓይነት መቅረጽ ይችላሉ። ይህን ዓይነት ፋይል የ12100 ግራፊክስ በሃርድዌር ይፈታዋል፤ የ5600ጂ አይፈታውም፤ ሸክሙ ኮሮቹ ላይ ይወድቃል። የሙሽሪትን እናት እስክስታ ሲያስኬድ እየተቆራረጠ ያሳየን የትኛው እንደሆነ ልነግራችሁ አያሻም። ታዲያ እዩት፤ ባለ ስድስት ኮሩ ለቪዲዮ ይሻላል የሚለው ምክር ትክክል የሚሆነውም ስሕተት የሚሆነውም በካሜራው ፋይል ነው።

ማታ ላይ ወንድሜ ፊፋ ከፈተ። እዚህ ላይ ክርክር የለም። የ5600ጂ ግራፊክስ፣ ቬጋ 7 የሚባለው፣ ከ12100ው ዩኤችዲ 730 እጥፍ ያህል ጉልበት አለው። አንደኛው ላይ ኳሱ ይንከባለላል፣ ሁለተኛው ላይ ኳሱ ያስባል። ካርድ ሳይገዛ ቤት ውስጥ መጫወት የሚፈልግ ልጅ ያለው ሰው 5600ጂን ይግዛ፤ ሌላ ነገር አያዳምጥ።

ቪዲዮዎቹ ለምን እንዳሳሳቱኝም ገባኝ። ፈረንጁ ርካሽ ፕሮሰሰሮችን በጌም ሲያወዳድር የሚሰካባቸው ግራፊክስ ካርድ በገበያው ውድ የሆነውን ነው፤ እንደ አርቲኤክስ 4090 ያለውን፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ 1,599 ዶላር የነበረ። ምክንያቱ ትክክል ነው፤ ካርዱ ደካማ ከሆነ ሁለቱም ፕሮሰሰሮች እኩል ይሆኑና ልዩነታቸው አይታይም። ግን የመቶ ዶላር ፕሮሰሰር ገዝቶ የ1,599 ዶላር ካርድ የሚሰካ ሰው የት አለ? በዚያ ሰንጠረዥ ላይ 12100ኤፍ ንጉሥ የሆነው ካርዱ አስቀድሞ ስላለ ነው። ሒሳቡ ከእኛ ቤት አይጀምርም።

ራሙንም ሳልናገር አላልፍም። እነዚህ ፕሮሰሰሮች የተለየ የግራፊክስ ማኅደረ ትውስታ የላቸውም፤ ከዋናው ራም ይበደራሉ። ስለዚህ አንድ ባለ 16 ጊጋ ራም ከመሰካት ሁለት ባለ 8 ጊጋ መሰካት ይሻላል፤ መንገዱ ሁለት ይሆናል። በተለይ 5600ጂ በአንድ ራም ከታሰረ ያ የምናወድስለት ግራፊክስ ይሽመደመዳል። ብዙ ሱቆች «ለወደፊት ቦታ ይኑርህ» ብለው አንድ ትልቅ ራም ይሰኩላችኋል፤ እሺ አትበሏቸው። ዋጋው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ከ2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ አምራቾቹ አቅማቸውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት እያዞሩ የራም ዋጋ በዓለም ዙሪያ ተተኩሷል። ማይክሮን ክሩሻል በሚባለው ስሙ ለተራው ሰው ራም መሸጡን እንደሚያቆም ያሳወቀው በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ነው። እኔ በፕሮሰሰር 25 ዶላር ለማትረፍ ሁለት ሳምንት ስደክም፣ ገንዘቡ በሌላ በር እየወጣ ነበር።

መብራትም አለ። በወረቀት የኢንቴሉ 60 ዋት፣ የኤኤምዲው 65 ዋት ነው፤ የኢንቴሉ ሲጣደፍ እስከ 89 ይወጣል። በተግባር ሁለቱም ያለ ካርድ ስለሚሠሩ ትንሽ ዩፒኤስ ይበቃቸዋል፤ መብራት ሲሄድ እህቴ ፋይሏን አስቀምጣ፣ ዘግታ፣ ሻማ ፈልጋ ትደርሳለች። 12100ኤፍን ለማዳን ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ልግዛ ብዬ አስቤ ነበር። ያገኘሁት ካርድ ከየት እንደመጣና ስንት ዓመት እንደነደደ የሚያውቅ የለም፤ የሚጨምረው ዋት ደግሞ የዩፒኤሱን ዕድሜ ያሳጥረዋል። ተውኩት።

«ለምን ያገለገለ አትገዛም?» የምትሉኝን ሰምቻለሁ። ትክክል ናችሁ፣ በከፊል። ስምንተኛ ትውልድ ኮር አይ 5-8500 ያለበት ያገለገለ ዴል ወይም ኤችፒ ዊንዶውስ 11ን ይቀበላል፤ ስድስት ኮር አለው፤ ለጽሕፈትና ለሂሳብ ይበቃል። 12100 በአራት ኮሩ ይበልጠዋል፣ ግን ገንዘቡ ካልበቃ በዚያ ማሽን መሥራት ነውር የለበትም፤ ለብዙ ሰውም የምመክረው እሱን ነው። የማልወድለት አንድ ነገር፣ ፓወር ሰፕላዩና ማዘርቦርዱ የራሱ የኩባንያው ዓይነት ስለሆነ ሲቃጠል መለወጫ መፈለግ አሳር ነው። የእህቴ እንጀራ በአንድ ማሽን ላይ ስለሆነ ከማንኛውም ሱቅ በሚገኝ ዕቃ የሚጠገን ፈለግኩላት።

እንግዲህ እህቴ ዘንድ 12100 ቀረ። እውነቱን ልናገር፤ ማዘርቦርዱን አስቀድሜ ለኢንቴል ስለገዛሁ፣ ወደ 5600ጂ ብሄድ ሌላ ማዘርቦርድ መክፈል ነበረብኝ፤ ምርጫው ግማሹ በስሕተቴ የተመረጠ ነው። ከዜሮ ብጀምር ለእሷ ያንኑ እገዛ ነበር። ለወንድሜ ብቻ ቢሆን፣ አሁን በሚቀበላቸው ካሜራዎች 12100፣ በሌሊት አመሉ 5600ጂ። እሱ አሁንም አኩርፏል። «አራት ኮር» እያለ ይጠራኛል።

12100ኤፉን በቴሌግራም የሽያጭ ገጽ ላይ ለጠፍኩት። በሦስተኛው ቀን አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደወለ። ግራፊክስ ካርድ እንዳለው ሦስት ጊዜ ጠየቅሁት። «አለኝ ብሮ፣ ምን ሆነሃል?» አለኝ። ካርድ ካለው ሰው እጅ ያ ፕሮሰሰር በእርግጥም ምርጥ ዕቃ ነው፤ ደስ ብሎት በሄደው ዋጋ እኔ ከስሬ ተለያየን። ክሳራው ከደሞዜ ወጣ፤ የእህቴን እቁብ አልነካሁትም።

የወሩን ማሳወቂያ ሁሉንም በጊዜው አስገባች። ባለፈው ሳምንት ቤቷ ስሄድ ጠረጴዛው ላይ አዲስ ማተሚያ አየሁ። መቼ እንደገዛችው ጠየቅኋት። «ማክሰኞ ነው ጋሼ፤ ሥራ ላይ ነበርክ፣ ላስቸግርህ ብዬ ነው» አለችና ቡና ልታቀርብ ተነሣች።